ሐምሌ፣ ጡረታና ዙም፦ ለአረጋውያን የተከፈተው የኦንላይን ትምህርት ማንን አቀፈ?

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሐምሌ ጭር ያለ ወር ነው። ተማሪው ወደ ወላጆቹ ወይም ወደ ሥራ ልምምድ፣ መምህሩ ወደ ምርምሩ ወይም ወደ ዕረፍቱ ይሄዳል፤ አብዛኞቹ የመማሪያ ክፍሎች እስከ ነሐሴ መጨረሻ ባዶ ይሆናሉ። ከ2020 ወዲህ ግን (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእነዚሁ ዩኒቨርሲቲዎች ስም ሌላ ዓይነት ትምህርት በሰመር ይካሄዳል። ተማሪዎቹ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ የሆነ፣ አብዛኞቹም ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው። በየቤታቸው ሆነው በዙም እየተገናኙ ስለ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔዎች፣ ስለ ሮም አወዳደቅ፣ ስለ ጃዝ አጀማመር ለጥቂት ሳምንታት ይማራሉ፤ ሲጨርሱም ፈተና አይቀመጡም፣ ውጤት አይለጠፍላቸውም፣ ወረቀትም አይሰጣቸውም።

ሰዎች በስተርጅና እውቀት ፍለጋ የሚሰባሰቡባቸው ተቋማት በብዙ አገር አሉ። በፈረንሳይዋ ቱሉዝ በ1973 የተጀመረውና ኋላ ወደ ብሪታንያና ወደ ሌሎች አገሮች የተዛመተው የሦስተኛው ዕድሜ ዩኒቨርሲቲ ከስመ ጥሮቹ አንዱ ነው። እዚህ ላይ የምናተኩረው ግን በአሜሪካ በተስፋፉት በኦሸር የዕድሜ ልክ ትምህርት ኢንስቲትዩቶች ላይ ነው። አሠራራቸው ግልጽ ከመሆኑም በላይ፣ ሁለቱ በርካታ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከዋሽንግተን ዲሲና ከአካባቢው ሰፈሮች ብዙም አይርቁም።

ኢንስቲትዩቶቹ ስማቸውን ያገኙት ከነጋዴውና ከበጎ አድራጊው ከበርናርድ ኦሸር ነው። እሳቸው በ1977 በሳን ፍራንሲስኮ ያቋቋሙት ፋውንዴሽን በ2001 በሜይን ግዛት የሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ለአረጋውያን የከፈተውን ኮሌጅ በመደገፍ ጀመረ፤ ዛሬ ወደ 125 በሚጠጉ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ውስጥ ኢንስቲትዩቶች አሉ። የገንዘቡ አሰጣጥ ልብ ሊባል ይገባል። ፋውንዴሽኑ በመጀመሪያ ለሙከራ የሚሆን ድጋፍ ይሰጣል፤ ኢንስቲትዩቱ አባላትን አፍርቶ በእግሩ መቆም እንደሚችል ካሳየ በኋላ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር የማያንስ ቋሚ ፈንድ ይሰጠዋል። የቀረው ወጪ በአብዛኛው ከአባላት ክፍያ ይሸፈናል። አስተማሪዎቹም በብዙ ቦታ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ጡረተኛ ፕሮፌሰሮች፣ ዲፕሎማቶች፣ ሐኪሞችና ዳኞች ናቸው። እንዲህ ባለው አሠራር የኢንስቲትዩቱ ህልውና የተመሠረተው በአባላቱ ቁጥር ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ለእነዚህ ተቋማት ሰመር ለረጅም ጊዜ የሚከብድ ወቅት ነበር። ከሰሜኑ ቅዝቃዜ ሸሽተው ፍሎሪዳ ወይም አሪዞና የከረሙ ጡረተኞች ሙቀቱ ሲበረታ ወደ መጡበት ይመለሳሉ፤ በሌሎች ግዛቶች ያሉትም ልጅ ለመጠየቅ ወይም ለመዝናናት ይጓዛሉ። ስለዚህ ብዙዎቹ ኢንስቲትዩቶች በዚህ ወቅት ትምህርቱን ያሳጥሩት ወይም ጭራሹን ይዘጉት ነበር። በመጋቢት 2020 ኮሮና ግቢዎቹን ሲያዘጋ ብዙዎቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ዙም ዞሩ። ጊዜው በታኅሣሥ 2019 በቀን ወደ 10 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የዙም የስብሰባ ተሳታፊዎች ቁጥር በሚያዝያ 2020 ወደ 300 ሚሊዮን የደረሰበት ነበር። ክፍሎቹ እንደገና ሲከፈቱ ዙም ይቀራል ብለው የጠበቁ ነበሩ፤ አልቀረም፣ በተለይም በሰመር። ምክንያቱ ብዙ ምርምር አያሻውም፦ ተጓዡ አባል የትም ቢሄድ ትምህርቱ ይከተለዋል፣ ሌሊት መንዳት የተወው ሰው መኪና ማስነሳት አይጠበቅበትም፣ ጉልበቱን የታመመው ደረጃ አይወጣም፣ ኢንስቲትዩቱም በሰመር ያጣው የነበረውን አባል አያጣም።

ይህ ሁሉ ትክክል ቢሆንም ዋናውን ነገር አይነግረንም። ሰዎችን ከቤታቸው ማስተማር ዙም ያመጣው አዲስ ግኝት አይደለም፤ ደግሞም ከቤት ሆኖ መማር በአንዱ ዘመን ሲሳካ በሌላው የከሸፈበት ምክንያት ከመሣሪያው ውጭ መፈለግ አለበት።

በ1874 በኒው ዮርክ ግዛት በሻቶኳ ሐይቅ ዳርቻ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንን በሰመር የሚያሠለጥን ጉባኤ ተቋቋመ። መሥራቾቹ የሜቶዲስት ቄስ የነበሩት ጆን ሃይል ቪንሰንትና ባለ ፋብሪካው ሉዊስ ሚለር ናቸው። ጉባኤው ብዙ ሳይቆይ ከሃይማኖት ትምህርት አልፎ ታሪክን፣ ሳይንስንና ሥነ ጽሑፍን የሚያስተምር የሰመር መንደር ሆነ። በ1878 ቪንሰንት ሐይቁ ድረስ መምጣት ለማይችሉ፣ ኮሌጅ የመግባት ዕድል ላልነበራቸው ጎልማሶች የአራት ዓመት የንባብ መርሐ ግብር ጀመሩ፤ የቤት እመቤቶች፣ ገበሬዎችና የሱቅ ሠራተኞች በየከተማቸው ተመዝግበው መጻሕፍቱን በቤታቸው ያነቡ ጀመር። በመጀመሪያው ዓመት 8,400 ሰዎች ተመዘገቡ፤ ከእነሱ መካከል 1,718ቱ በ1882 አጠናቀው ተመረቁ። ከአምስቱ አንዱ መሆኑ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ የዘመናችንን ውጤት እናነጻጽር። በ2012 ኮርሴራና ኤድኤክስ የተባሉት የኦንላይን ትምህርት መድረኮች ሲከፈቱ የታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት ለዓለም ሁሉ በነጻ እንደሚዳረስ ተነገረ፤ ጋዜጦችም የዩኒቨርሲቲ ግቢ ዘመን አበቃ እስከ ማለት ደረሱ። በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ ሃርቫርድና ኤምአይቲ በኤድኤክስ በኩል የሰጧቸውን ኮርሶች የስድስት ዓመት መረጃ የመረመረ ጥናት ግን ከተመዘገቡት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ትምህርቱን ከፍተው እንኳ እንዳላዩት አሳየ። በ2017 እና በ2018 መካከል ከተመዘገቡት ሁሉ ኮርሱን የጨረሱት 3.13 በመቶ ብቻ ነበሩ። በፖስታና በኩራዝ ዘመን ለአራት ዓመት የጸኑት ሰዎች ድርሻ በኢንተርኔት ዘመን ጥቂት ሳምንት ከጸኑት በስድስት እጥፍ በለጠ።

ንጽጽሩን ከሚገባው በላይ መለጠጥ አይገባም። በነጻ መመዝገብ ምንም ስለማያስከፍል ብዙ ሰው በጉጉት ብቻ ስሙን ያሰፍራል፤ በዚያው ጥናት ለማረጋገጫ ሰርተፍኬት ገንዘብ ከከፈሉት መካከል የጨረሱት 46 በመቶ ያህል ነበሩ። ሦስት ንግግር ሰምቶ የፈለገውን አግኝቶ የሄደ ሰውም ወድቋል ሊባል አይችልም። ሆኖም የሻቶኳ አንባቢዎች በአብዛኛው ብቻቸውን አልነበሩም። በየከተማው አሥርም ሃያም ሆነው በአንድ ሰው ሳሎን በቋሚ ቀን እየተገናኙ ያነበቡትን ይወያዩበት ነበር፤ መጽሐፉን ሳያነብ የመጣ ሰው ጎረቤቱ ፊት ያፍራል፣ ያልመጣውም ለምን ቀረ ተብሎ ይጠየቃል። የተቀረጸ ቪዲዮ ከፊቱ የጠፋውን ተማሪ ለምን ቀረህ ብሎ አይጠይቅም።

የኦሸር ኢንስቲትዩቶች የኦንላይን ሰመር ዋና ጥንካሬም እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ትምህርቱ በኢንተርኔት ይተላለፍ እንጂ ቀኑና ሰዓቱ የተወሰነ ነው፤ የሚናገረው ሰው በሕይወት ያለ፣ ጥያቄ የሚቀበል፣ አንዳንዴም መልሱን የማያውቅ ሰው ነው። በአንዳንዶቹ ኢንስቲትዩቶች አስተማሪ የሚባል ሰው ጭራሹን የለም፤ አባላቱ መጽሐፍ መርጠው በየተራ እያስተባበሩ ይወያያሉ። ይህ ልማድ በ1962 በኒው ዮርክ፣ ኒው ስኩል በተባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጡረታ የወጡ መምህራን ከመሠረቱት እርስ በርስ የመማማር ተቋም የመጣ ነው። ታዲያ አንድ ኢንስቲትዩት ወጪ ለመቀነስ ሲል ቀጥታ ውይይቱን ትቶ የተቀረጹ ንግግሮችን ማከማቸት ቢጀምር፣ ለማዳን የፈለገውን አባልነት በራሱ እጅ እየናደ ነው። ቅጂ ለቀረ ሰው ማካካሻ እንጂ የትምህርቱ ምትክ ሊሆን አይችልም።

እዚህ ላይ በማስታወቂያዎች ስለሚነገረው የአእምሮ ጤና ጥቅም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ መማር የመርሳት በሽታን ይከላከላል የሚለው አባባል ከማስረጃው ቀድሞ ሄዷልና። በዚህ ረገድ በሚገባ ከተሠሩት ጥናቶች አንዱ በዳላስ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በዴኒስ ፓርክ መሪነት ተካሂዶ በ2014 የታተመው ነው። ከ60 እስከ 90 ዓመት የሆናቸው ሰዎች በቡድን ተከፍለው፣ አንዳንዶቹ ዲጂታል ፎቶግራፍ ወይም የብርድ ልብስ ስፌት በሳምንት 15 ሰዓት ገደማ ለሦስት ወር ተማሩ፤ ሌሎቹ በማኅበራዊ ቡድን እየተሰበሰቡ ተጫወቱ፣ ተዝናኑ፣ ወይም በቤታቸው ቀለል ያሉ ሥራዎችን ሠሩ። የማስታወስ ችሎታቸው ይበልጥ የተሻሻለው አዲስና አስቸጋሪ ነገር የተማሩት ናቸው። ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ መሰባሰብ ብቻውን አይበቃም፤ ትምህርቱ አእምሮን ማልፋት አለበት። ሁለተኛ፣ የጥናቱ መጠን በሳምንት 15 ሰዓት ነበር፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ንግግር መስማት ያንኑ ውጤት ያመጣል ብሎ መሸጥ አባላትን ማታለል ነው። በላንሴት መጽሔት ሥር የተቋቋመው ኮሚሽን በ2024 ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡ 14 ምክንያቶች መካከል የመስማት ችግርንና ከሰው መገለልን መቁጠሩ ግን ለዚህ ውይይት ቁም ነገር አለው፤ የመስማት ችግር ወዳለባቸው ሰዎች በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ዋሽንግተን አካባቢ እንሂድ። በዲሲ የሚገኘው አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ የተባለው ተቋም በሐምሌ ወር አጫጭር ኮርሶችን የሚያዘጋጅ የኦሸር ኢንስቲትዩት አለው፤ በቨርጂኒያም የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ኢንስቲትዩት በፌርፋክስ አለ። በዚህ ላይ የቨርጂኒያ ሕግ ከ1974 ጀምሮ 60 ዓመት የሞላቸው ነዋሪዎች በመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ቦታ እስካለ ድረስ ያለ ትምህርት ክፍያ ገብተው እንዲከታተሉ ይፈቅዳል፤ በሜሪላንድም 60 ዓመት የሞላው ነዋሪ በኮሚኒቲ ኮሌጆች የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም፤ የሚከፍለው የአገልግሎት ክፍያዎችን ብቻ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ የሚኖሩ አባቶችና እናቶች ግን ይህ ሁሉ በደጃቸው እያለ ከነመኖሩም የማያውቁ ብዙ ናቸው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ለዚህ በተለምዶ የሚቀርበው ምክንያት ቋንቋና ቴክኖሎጂ ነው። ቋንቋው በከፊል እውነት ነው፤ ቴክኖሎጂው ግን ብዙም አያሳምንም። በ2000ዎቹ ዓመታት ፓልቶክ በተባለው የኢንተርኔት የድምፅ መወያያ ክፍሎች ሌሊቱን ሙሉ ስለ አገር ፖለቲካ ሲከራከር ያደረው፣ ማይክ ለማግኘት እጁን አንሥቶ ተራ ሲጠብቅ የኖረው ትውልድ ዛሬ ጡረታ እየወጣ ያለው ነው። በስልክ ኮንፈረንስ ለጸሎት የሚሰበሰቡ እናቶችም ከዚያ ያላነሰ ልምድ አላቸው። ቋንቋውንም ቢሆን መለየት ያሻል። በአገር ቤት ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቸገረው የአሜሪካውያንን ፈጣን አነጋገር በጆሮው ለመያዝ እንጂ ጽሑፉን ለማንበብ አይደለም። ዙም ንግግርን ወዲያው ወደ ጽሑፍ የሚለውጠውን አገልግሎት ለነጻ ተጠቃሚዎችም ከከፈተ ከ2021 ወዲህ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የኦንላይኑ ክፍል ከአዳራሹ የተሻለ ሆኗል፤ መስማት ለደከመውም እንዲሁ። ይህን ለወላጆቻቸው የሚያሳዩ ልጆች ምን ያህል እንደሆኑ እንጃ።

የበለጠ የሚከብደው ሰዓቱ ነው። የኦሸር ኮርሶች በአብዛኛው በሥራ ቀናት፣ በቀን ይሰጣሉ፤ የታሰበው ተማሪ ቀኑን በሙሉ የራሱ ያደረገ ጡረተኛ ነው። በእኛ ቤት ግን የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በሰኔ አጋማሽ ሲዘጉ ወላጆች ወደ ሥራ ይሄዳሉ፣ የልጅ ልጆቹ ደግሞ ከእማማና ከአባባ ጋር ይውላሉ። ለሌላው ጡረተኛ የመማሪያ ወቅት የሆነው ሰመር ለእነዚህ አያቶች ከዓመቱ ሁሉ ሥራ የሚበዛበት ወቅት ነው፤ ዙም ጉዞን ቢያስቀርም ምሳ አይሠራም፣ ሕፃን አያስተኛም። የፕሮግራሞቹ አዘጋጆች ተሳትፎን ለማስፋት ሲነሡ ብዙውን ጊዜ የሚያስቡት ስለ ክፍያ ቅናሽ ነው፤ የቅዳሜና የእሑድ ሰዓት ቢጨምሩ ኖሮ ከቅናሹ ይልቅ ሰው ያመጣ ነበር።

ሌላው እንቅፋት ከእኛው ልማድ የመጣ ነው። ትምህርት ለእኛ ለረጅም ጊዜ ከሰርተፍኬትና ከደረጃ ዕድገት ጋር ተቆራኝቷል። አገር ቤት መምህራን ክረምቱን በዩኒቨርሲቲዎች ተሰብስበው ዲፕሎማቸውን ወደ ዲግሪ ሲያሳድጉ ኖረዋል፤ ይህ ትልቅ ጥረት ነው፣ ግቡ ግን ግልጽ ነው። በ2024 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ሰልጣኙን በኦንላይን ኮርስ አስተምሮ ሰርተፍኬት ይሰጣል። የ68 ዓመት ጡረተኛ ስለ ከዋክብት ልማር ሲል ግን ለምን ይሆንሃል ተብሎ ይጠየቃል። ነገር ግን ክረምት ከወረቀት ውጭ የሆነ የትምህርት ወግም አለው። በ1971 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ተማሪዎችና መምህራን ጎልማሶችንና አረጋውያንን ፊደል ለማስቆጠር ወጡ፤ ዘመቻው በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። የዘመቻውን ዓላማና አስገዳጅነት ማከራከር ይቻላል፤ ያኔ በ18 ዓመቱ ያስተማረ ወጣት ግን ዛሬ 60ዎቹን አጋምሷል፤ ስለዚህ በዕድሜ የገፋ ሰው ሲማር ማየት ለእሱ እንግዳ ነገር ሊሆን አይችልም።

በአማርኛ እንዲህ ያለ የሰመር ትምህርት ማቋቋም ምን ይጠይቃል? ገንዘብ ብዙም አይጠይቅም። አስተማሪ ሞልቷል፤ አውሮፕላን እንዴት እንደሚጠገን የሚያስረዳ የአየር መንገድ ጡረተኛ፣ በ1952 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ዕድሜውን ሙሉ የሠራበት ዳኛ፣ የቡና በሽታን ያጠና የግብርና ባለሙያ በየከተማው አሉ። የኢትዮጵያ ክረምትና የአሜሪካ ሰመር በአንድ ወቅት መዋላቸውም ይረዳል፤ በሌላው ጊዜ በማስተማር የተጠመደ የአዲስ አበባ ምሁር በሐምሌ ትንፋሽ ያገኛል። መብራትና ኢንተርኔት አስተማማኝ ባልሆነበት ቦታ ላለ ተሳታፊ ደግሞ ቪዲዮውን አጥፍቶ በድምፅ ብቻ መግባት፣ ወይም በቴሌግራም የድምፅ ክፍል መገናኘት የዳታ ወጪውን በእጅጉ ይቀንሳል።

ሰዓቱን መምረጥ ከሁሉም ይከብዳል፣ የማይፈታ ግን አይደለም። በሰመር በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ልዩነት 7 ሰዓት ነው። ቅዳሜ በእስራኤል ሰንበት ለሚጠብቁ ወገኖቻችን አይሆንም፤ እሑድ ጠዋት በዲሲ ቅዳሴ አለ። እሑድ በዲሲ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ቢደረግ ግን ምእመናኑ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰዋል፣ የልጅ ልጆቹም ከወላጆቻቸው ጋር ናቸው፤ በአዲስ አበባ፣ በኢየሩሳሌምና በሪያድ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በዱባይ 4 ሰዓት ይሆናል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች ይህ ሰዓት ላይመቻቸው ይችላል፤ ለእነሱ ቅጂው መቀመጥ አለበት። ስድስት ሳምንት የሚወስድ ኮርስ ደግሞ በሰኔ ሦስተኛ ሳምንት ቢጀመር ሐምሌ ሳይወጣ ያልቃል፤ ነሐሴ 1 ቀን (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የፍልሰታ ጾም ሲገባ እናቶቹ በጸሎትና በቅዳሴ ስለሚጠመዱ ከዚያ በኋላ የተቀጠረ ክፍል ባዶውን ይቀራል።